ጠማማ ተብሎ የተነቀለው ፍሬት

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ ፋብሪካ የኪነት ቡድን ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነበርሁ። ቀን በእንጨት ሥራ ክፍል እውላለሁ፤ ከሥራ በኋላ እንለማመዳለን። አንድ ክረምት የሐይቁ እርጥበት የጊታሩን አንገት አጎበጠው። ሌላ እንዲገዛልን ብንጠይቅ፣ ብንለምን፣ የሰማን የለም። ስለዚህ ወይራ ጠርቤ በገዛ እጄ አዲስ አንገት ሠራሁለት።

በዚያው አንድ የቆየ ብሶቴን ላስተካክል አሰብሁ። ወፍራሙ ክር ሁልጊዜ ይረግባል፤ ድምፁ ጭቃ ነው። ረዘም ቢል እንደሚወጠር አውቃለሁ፤ ቀጭኑ ግን ከረዘመ ይበጠሳል። እናም ወፍራሙን አስረዘምሁ፣ ቀጭኑን አሳጠርሁ። ፍሬት የምንላቸውን፣ በአንገቱ ላይ ክሩን በጣት የምንጫንባቸውን ቀጫጭን ብረቶችም እንደ ወትሮው ትይዩ ሳይሆን እንደ ማራገቢያ በተን አድርጌ ተከልኋቸው። አባቴ የቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ናቸው፤ ጊታር አይወዱም። ቢሆንም ቁጭ ብለው ሰሙኝና፣ “አሁን ወፍራሙ ቃል አወጣ” አሉኝ።

ለአብዮት በዓል የምናቀርበውን ሊያይ የፋብሪካው ካድሬ መጣ። ዓይኑ አንገቱ ላይ አረፈ።

“ይህን ማን አጣመመው?”

እኔ መሆኔን ነገርሁት፤ ምክንያቱንም ላስረዳው ጀመርሁ። የሕዝብ ንብረት ማበላሸት አሻጥር ነው ብሎ አቋረጠኝ።

“ጓድ፣ መጀመሪያ ይስሙት” አልሁት።

አንዲት ክር እንኳ ሳይሰማ ጉጠት አስመጥቶ ፍሬቶቹን በፊታችን አስነቀላቸው። ወይራው እየተሰነጠቀ ይጮኻል፤ ጓደኞቼ መሬት መሬት ያያሉ። እስከ ዛሬ ደሜን የሚያፈላው ንቀቱ ነው። አገር አቃናለሁ የሚል ሰው ለአንድ አፍታ ጆሮውን ማዋስ እንዴት ያቅተዋል?

መፍቻ አነሣሁና አንገቱን ከገላው ፈታሁት። “ገላው የሕዝብ ነው፤ ይኸውላችሁ። አንገቱ የኔ ነው” ብዬ ይዤው ወጣሁ።

ለዚህ ቀበሌ ታስሬ አደርሁ፤ ከኪነቱም ተባረርሁ። በዓሉ ያለ ቤዝ ተከበረ። ካድሬው በጭብጨባው መሐል ፈገግ ብሎ ነበር አሉ፤ ምን እንደጎደለ የሚያውቅበት ጆሮ ከየት ያምጣ!

እኔ ግን ስንጥቁን በሙጫ ደፈንሁ፤ ፍሬቶቹንም እንደገና አዘንብዬ ተከልሁ። ከዋንዛ አዲስ ገላ ጠረብሁለት፤ ድምፅ የሚይዘውን ማግኔት ከአንድ የተሰበረ ጊታር አገኘሁ። ጢስ ዓባይ ላይ በታናሽ እኅቴ ሠርግ ስጫወትበት ሰው ትከሻው እስኪዝል እስክስታ ወረደ። ፍሬቱ ለምን ተጣመመ ብሎ የጠየቀኝ አንድም አልነበረም።