የውሃ ተርብ መርዝ

«የውሃ ተርብ ይናደፍ አይናደፍ ማን ይጠይቅሃል? አዳራሹ ውስጥ አጣርቶ የሚመጣ ሰው አለ እንዴ?» አለኝ ጓደኛዬ መሪውን እንደያዘ።

ይናደፋል፣ ስሙ ራሱ ተርብ ነው አልኩት። ግን ግጥሜን ከማንበቤ በፊት በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።

ግጥሙን የጻፍኩት ኮምቦልቻ፣ የምሠራበት ፋብሪካ ውስጥ፣ በሻይ ሰዓት ነው። በዚያ እሑድ ከሰዓት ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ባለች አዳራሽ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ላነበው ነበር። ዝግጅቱን የሚመራው ይኸው ጓደኛዬ ነው። ከሁሉም የወደደው አንዱን ስንኝ ነው፤ «ውበትሽ በክንፍሽ፣ መርዝሽ በጭራሽ»። እኔም ስጽፈው ኮርቼበት ነበር። የውሃ ተርብ ግን ቀርቤ አይቼ አላውቅም።

በጠዋት ከደሴ ወጥተን፣ ሐይቅ ከተማን አልፈን አርዲቦ ሐይቅ ዳር ደረስን። ዳር ዳሩን ዳክዬዎች ተበትነዋል፤ ደረቅ ዛፍ ላይ ራሱ ነጭ የሆነ ንስር ተቀምጧል። ቄጠማው ላይ ቀይ የውሃ ተርብ አለ፣ ሰማያዊ አለ፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው እሱ የለቀቀው ላይ ያርፋል። ለላሞቻቸው ሣር የሚያጭዱ አዛውንት ምን እንደምንፈልግ ጠየቁን።

«አባቴ፣ ይሄ ሲነድፍ ያማል?» አልኳቸው።

ማጭዳቸውን አስቀምጠው ቀዩን በሁለት ጣት ክንፉን ያዙና መዳፌ ላይ አኖሩት። ጭራውን አጥፎ ቆዳዬን ነካ። እጄን ሰበሰብኩ።

«ገጣሚው ሊሞት ነው» አለ ጓደኛዬ።

«አብሽር ልጄ» አሉ አዛውንቱ። «መርዝ የሚባል የለው። ወላሂ፣ ትንኙን ባይበላልን እዚህ ማን ይተኛ ነበር?»

ስንመለስ ስንኙን መኪናው ውስጥ ቀየርኩት፤ «ተርብ ብለው ሰየሙሽ፣ መርዝ ሳይኖር በጭራሽ»።

ጓደኛዬ ከአዳራሹ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ቆሞ አነበበው። ሰው የሚያጨበጭበው ለመርዙ ነው አለኝ። የድሮውን ካላነበብኩ በእኔ ቦታ ሌላ ሰው እንደሚያስገባ ነገረኝ። ግድግዳው ማዶ ወንበር ሲጎተት፣ ሰው ሲገባ ይሰማል።

«ተርቡ መዳፌ ላይ ቆሞ እያየኸው?» አልኩት።

«አየሁ። አዳራሹ ግን አላየም።»

«እንግዲያው ሌላውን ሰው ጥራው።»

ወረቀቱን ከእጁ ወስጄ ኪሴ ከተትኩ። ወደ ውጭ ወጣሁና በሩን ዘጋሁት።