የፀሐይ ተራ

ከውጫሌ ገበያ የያዙኝ ወንድምሽ ጫካ ገብቷል ብለው ነው። በጭነት መኪና ሐይቅ ከተማ ወሰዱኝ። ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ስለነበር ነቀዝ ነቀዝ ይሸታል። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እስረኞቹን ሴቶች አይደለም፤ መሀላቸው የተቀመጠ ወፍራም ልጅ ነው።

አራት ዓመት ቢሆነው ነው። እናቱ የአምባሰል ሴት ናት፤ ባሏ ሲጠፋ እሷን ከነልጇ አሰሯት። ደጅ ረሃብ ነበርና ወፍራም ልጅ ማየት ደስ ይለን ነበር። ስንቅ ሲመጣ፣ በቅቤ የታሸ ጭኮም ቢሆን፣ የመጀመሪያው ጉርሻ የእሱ ነው። እኛ ክርስቲያኖቹ ስንጾም እስላሞቹ ያጎርሱታል፤ በረመዳን እነሱ ሲጾሙ እኛ እናጎርሰዋለን። እሱ የሚጾምበት ቀን አልነበረውም። እኔ ከሰው ማውራት ስለማፍር ከሁሉም አብልጬ አጎርሰው ነበር።

እናቱ «ኧረ በአላህ ተውት! ሲተኛ ትንፋሹ ይቆምብኛል» ትላለች።

«አንች ደግሞ! የልጅሽን ጉርሻ ትመቀኛለሽ?» ትላታለች አንዲት ነጋዴ። እንስቃለን።

አንድ ቀን ከጤና ጣቢያ ድሬሰር መጣ። ልጁን ከግድግዳ ግድግዳ አስኬደው። ልጁ መሀል ላይ ቁጭ ብሎ አለከለከ።

«ደሴ ሆስፒታል ይታይ» አለ ድሬሰሩ። «እስከዚያው ቅቤና ስኳር ይቅርበት። በየቀኑ ውጭ ይራመድ።»

የእስር ቤቱ አዛዥ በሩ ላይ ቆሞ ሳቀ። «ሰው በረሃብ እያለቀ እኔ ጥጋብ ላሳክም? ውጭ መውጣት በተራ ነው። የእናቱ ተራ ሲደርስ ይዛው ትውጣ።»

ተራ የሚደርሰን በሳምንት አንዴ ነው። ሴቶቹ አብረውት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እናቱ ቀና ብላ እኔን ብቻ አየችኝ።

በማግስቱ ዘበኛው ፀሐይ የሚሞቁትን ሲጠራ እኔም ነበርኩበት። ተነሥቼ «የኔን ተራ እሷና ልጁ ይውጡበት» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

«ውይ! አንች አፍ አለሽ እንዴ?» አለ ዘበኛው። «አንችስ?»

«ይቅርብኝ።»

ትንሽ አሰበ። «እኔ ቁጥሩ ይሙላልኝ እንጂ» ብሎ አሳለፋቸው።

በነጋታው ያች ነጋዴ «የኔንም ይውሰድ፣ ፀሐዩ ያጠቁረኛል» አለች። ከዚያ ሌሎቹም ተከተሉ።

የከበደው ስንቅ ሲመጣ ነው። ልጁ አፉን ከፍቶ በየፊታችን ይቆማል። ጉርሻ የለመደው ከኛ ነው። እንዳናጎርሰው ወደ ግድግዳው ዞረን እንበላለን፤ እሱ ከኋላችን ያለቅሳል። ለመራመዱ ተራ የሰጠሁት እኔ፣ እንዲያ ያደለብኩትም እኔ ነኝ።

ደሴ ይውሰዱት አይውሰዱት ሳላውቅ ተፈታሁ። እናቱ ከኔ በኋላ ተፈታች። አሁን ውጫሌ ገበያ እንገናኛለን። ብቻዋን ነው የምትመጣው። አገላብጣ ስማኝ እጄን ይዛ ትቆማለች። ስለ ዝናቡ፣ ስለ በሬዋ፣ ስለ እናቷ ጤና እጠይቃታለሁ። ስለ ልጁ ግን እስካሁን አልጠየቅኋትም።