የሁለት ቀን ጦም

ዳባት ኬላ ላይ ከሚኒባሱ ያስወረደን ፖሊስ ስልኬን ሲያገላብጥ ጽሑፌን አገኘው። ትምህርት ቤታችን ለምን እንደተዘጋ የጠየቅኩበት ነው፤ ፌስቡክ ላይ ለጥፌው ብዙ ሰው ወዶልኝ ነበር።

«ይኼን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አለኝ።

እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። ፖሊስም አነበበኝ አልኩ በሆዴ። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩት ደረቴን ነፍቼ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር።

እኔ ብቻ ብታሰር ባልከፋ። አብራኝ እንግዳ ነበረች።

ከዩጋንዳ የመጣች የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ ሃይማኖቷ ሞርሞን ይባላል። ቤተሰቧን ትታ ለዓመት ከመንፈቅ በሰው አገር ታገለግላለች። ደባርቅ ከአገልግሎት ጓደኛዋ ጋር ለአንድ ሳምንት የመጣችው የሰፈራችን የውኃ መስመር ሲዘረጋ ለማገዝ ነው፤ አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ይነሣሉ፣ ይጸልያሉ፣ ከዚያ ሲቆፍሩ ይውላሉ። ሻይም ቡናም አይጠጡም፤ በደባርቅ ውርጭ ይኼ ሰውን ሁሉ አሳዝኗል። ደረታቸው ላይ ባለው የስም ካርድ «ሲስተር» የሚል ስለተጻፈ ነርሶች መስለዋቸው ያበጠ ጉልበታቸውን ሊያሳዩ የመጡ አባትም ነበሩ። ትልቁ ሕጋቸው ግን ብቻ አለመሄድ ነው። ሁለት ሆነው ይወጣሉ፣ ሁለት ሆነው ይገባሉ፤ አንዷ ሌላዋን ከዓይኗ አታርቅም።

ሰኞ ጓደኛዋ በጠና ታመመች። አምቡላንሱ አንድ አስታማሚ ብቻ ስለሚይዝ፣ ይመሯቸው የነበሩት ሴትዮ ይዘዋት ጎንደር ሄዱ። «ነገ እስከ ጎንደር ጓደኛዬ አንቺ ነሽ» አለችኝ እንግዳዋ። እንዴት እንደኮራሁ!

ከኬላው ወስደው ያስገቡን አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። የባቄላው አቧራ ጉሮሮ ይከረክራል፤ የሲሚንቶው ብርድ በነጠላ አልፎ አጥንት ይገባል። አምስት ሴቶች ነበሩ። ትልቋ ከጃናሞራ ልጃቸውን ፍለጋ መጥተው የተያዙ እናት ናቸው። ምግብ የሚሰጥ የለም፤ ከቤት የመጣላት ታቀርባለች፣ ሁሉም ከአንድ ሰሃን ይበላል።

ረቡዕ እናቴ ሽሮ ላከችልኝ። ሴቶቹ ሰሃኑን ከበቡ። እናትየዋ እንግዳዋን አተኩረው አዩና «ይቺ ልጅ ማተብ የላትም። አብራችሁ ናችሁ?» አሉኝ።

ሁሉም ወደ አንገቴ ዞሩ። እኔንም ከሰሃኑ እንዳያርቁኝ ፈራሁ። ማተቤን ከሹራቤ ውስጥ አወጣሁና «ኧረ አላውቃትም! መኪና ላይ ነው የተገናኘነው» አልኩ።

በአማርኛ «አላውቅም» ማለትን ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ቀና ብላ አየችኝ።

እናትየዋ እንጀራ ቆርሰው በፌስታል ላይ ለብቻዋ ዘረጉላት። እሷ ምግቡን ሳይሆን እኔን አየች፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ጦም» አለች።

«እሰይ! ለካ እነሱም ይጦማሉ!» አለች አንዷ።

«ካንቺማ ትሻላለች» አለቻት ጎረቤቷ፤ «አንቺ እኮ ረቡዕን የምታውቂው ከበላሽ በኋላ ነው።»

ሳቁ። እኔ ግን አውቅ ነበር። ጦማቸው በወር አንዴ፣ የወሩ መጀመሪያ እሑድ ነው፤ እሱን ደግሞ ከመታሰራችን ሁለት ቀን በፊት ጦማዋለች። አሁን የተዘረጋላትን ይዛ መሀላችን ብትቀመጥ «አብራችሁ ናችሁ?» የሚለው ጥያቄ እንደገና ሊነሣ ነው። ውሸቴ እንዳይገለጥ ነው የተራበችው። እኔ በላሁ። ሽሮው ይጣፍጥ ነበር፤ ዛሬም የሚያሳፍረኝ መጣፈጡ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሽንት ቤት ስሄድ ተነሥታ ተከተለችኝ፤ በሩ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ጠበቀችኝ። ለምርመራ ስጠራም ተነሣች።

«አንቺን ደግሞ ማን ጠራሽ?» አለ ጠባቂው።

በእንግሊዝኛ «ጓደኛዬ ብቻዋን አትሄድም» አለች። አልገባውም፤ ገፋ አድርጎ አስቀመጣት።

«ማን አጻፈሽ?» አሉኝ መርማሪዎቹ ደጋግመው። «ራሴ ነኝ» አልኩ፤ ደረቴን ግን አልነፋሁም። ስመለስ ከንፈሯ ነጭ ሆኖ በሩ ሥር ቆማ አገኘኋት።

ቀትር ላይ እንደገና ምግብ መጣልኝ። እንደገና «ጦም» አለች። የቆረስኩት እጄ ላይ ቀረ።

«እማማ፣ ትናንት ዋሽቼዎታለሁ» አልኩ። «እንግዳዬ ናት። በእኔ ጽሑፍ ነው የታሰረችው። ጦምም አይደለም።»



«እና እያየሻት ጎረስሽ?» አሉ እናትየዋ።

«አዎ።»

«በምን ሆድሽ?» ማተቤን ጨበጥኩ። «ማተቡን ያሰሩልሽ እንድትሸሸጊበት አይደለም እኮ፣ ልጄ። በሉ እጃችሁን አንሡ! እሷ ሳትቀምስ ማንም አይነካም። አንቺው አጉርሻት።»

አንዷ እያጉረመረመች፣ ሁሉም እጃቸውን ሰበሰቡ። ጠቅልዬ ወደ አፏ አስጠጋሁ። እንግዳዋ በዓይኗ ጠየቀችኝ። «ነገርኳቸው» አልኳት። አፏን ከፈተች። ሽሮው ቀሚሷ ላይ ተንጠባጠበ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ድገሚያት!» አሉ እናትየዋ። ደገምኩ። ሦስተኛውን ራሳቸው አጎረሷት።

ዓርብ አስጠንቅቀው ለቀቁን። እናትየዋ እዚያው ቀሩ፤ ልጃቸውን ያግኙ አያግኙ አላውቅም።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ለጓደኞቼ አወራሁ፤ ኬላውን፣ ምርመራውን፣ ጉርሻውን። አጨበጨቡልኝ። «አላውቃትም» ያልኩትን ዘለልኩት። በቀደም እንግዳዬ ያን ሳምንት ለእናቷ የጻፈችውን ደብዳቤ ላከችልኝ። ስለ እስሩ ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ «ብቻዬን አልነበርኩም፣ እማዬ። ጓደኛዬ በእጇ አጎረሰችኝ» ይላል። የረቡዕ ውሸቴ የለበትም። ጥሩ መጻፍ ማለት ብዙ ሰው የሚወድልኝን መጻፍ ይመስለኝ ነበር። እሷ ለእኔ ብላ የተወችውን ረቡዕ ግን ከእኔ ሌላ የሚጽፈው የለም።