ዋንጫችንን በውሰት

ያን ቀን ማይኩን ስይዝ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። የክርክሩ ርዕስ ሙዚየሞች ቅርስ ለባለቤቱ ይመልሱ ወይስ አይመልሱ የሚል ነበር፤ እኔ «ይመልሱ» ባይ ነኝ። ያሠለጠነን የታሪክ መምህራችን ነው፤ ቲቸር ነው የምንለው። ከክፍል በኋላ ቁጭ ብሎ ቃል በቃል ያርመናል። «‹እኛ ጋ በደንብ ይጠበቃል፣ ብዙ ሰው ያየዋል› ይሏችኋል። እናንተ ባለቤቱ ጠይቋል ወይ በሏቸው። ከጠየቀ አለቀ» ይለን ነበር። ደብተሬ ላይ በቀይ ጽፌያታለሁ።

ክርክሩ በሚካሄድበት ቀን ትምህርት ቤቱ ሚኒ ሙዚየም ስለሚከፍት፣ አስቀድመን ከየቤታችን ዕቃ አምጡ ተባልን። ቤቴል ያለው ቤታችን ውስጥ፣ አባባ የምንላቸው አያቴ ራስጌ የምትቀመጥ የቀንድ ዋንጫ አለች። አባታቸው ናቸው ከጉራጌ ይዘዋት የመጡት። የመስቀል ዕለት አባባ ይጎነጩባትና ይመርቃሉ፣ ከዚያ በዕድሜ ቅደም ተከተል ትዞራለች። ስለምናቸው ብዙም አላንገራገሩም። «ለአንድ ቀን ነው አይደል?» ብቻ አሉኝ። አዎ አልኩ።

የንብረት ክፍሏ ሴትዮ ዋንጫዋን ተቀብላ፣ ሞዴል 19 የሚባል ጥራዝ አውጥታ ፈርሚ አለችኝ። እንደዚያ ያለ ወረቀት ላይ ፈርሜ አላውቅማ! ፊርማዬን ሁለት ጊዜ አዙሬ አሳመርኩት። ዕቃ የመሥሪያ ቤት ንብረት የሚሆነው በዚያ ወረቀት እንደሆነ ማን ነገረኝ?

ክርክሩን አሸነፍን። ቲቸር መድረኩ ሥር ቆሞ ከሁሉም በላይ አጨበጨበ።

በማግስቱ ዋንጫዬን ልወስድ ስሄድ ሴትዮዋ ገቢ የሆነ ዕቃ እንዲሁ አይወጣም አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። የሙዚየሙ ኃላፊ ቲቸር ስለሆነ ወደ እሱ ሮጥኩ፤ አንድ ቃል ቢናገር ያልቅ ነበር። እሱ ግን ዋንጫዋ ያለችበትን የመስታወት ሳጥን እያየ፣ ረጋ ብሎ፣ «ቤት ብትወስጃት ማን ያያታል? እዚህ ስንት ተማሪ ያያታል። ደግሞ በደንብ ትጠበቃለች» አለኝ።

መልሱን ያስጠናኝ እኮ እሱ ነው። «ባለቤቱ ጠይቋል» አልኩት።

ፈገግ አለ። «አንቺማ ጎበዝ ተከራካሪ ነሽ» ብሎኝ ወደ ክፍሉ ገባ።

ዋንጫዋ ተቆልፎባት ከረመች። አባባ በጠየቁኝ ቁጥር ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ ዋሸኋቸው። መስከረም ሲገባ ለአባቴ እያለቀስኩ ነገርኩት። ዓለም ባንክ ሰፈር ያለውን ሱቁን ዘግቶ አብረን ሄድን፤ ቲቸርን ለመነው። በመጨረሻ ቲቸር አንድ መላ አገኘ፦ ለበዓሉ በውሰት ትወሰድ፣ ከበዓሉ በኋላ ትመለስ። አባቴ የአያቱን ዋንጫ ለመዋስ ፈረመ። በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ቤት እስክንደርስ ጭኑ ላይ ይዟት ሄደ።

የመስቀል ዕለት ቤቱ በዘመድ ሞላ። አባባ ጠላ ሊቀዳባት የቀረበችውን ዋንጫ ሲያነሡ፣ ሥሯ የተለጠፈ ቁራጭ ወረቀት በጣታቸው ዳሰሱ። ዓይናቸው ፊደል አይለይም። «ምን ይላል ይሄ?» አሉኝ።

መዋሸት እችል ነበር፤ ክረምቱን ሁሉ ለምጄዋለሁ።

«የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው ይላል፣ አባባ። ለበዓሉ ተውሰናት ነው።»

አባባ አልተቆጡም። ዋንጫዋን ቀስ ብለው ወደ አባቴ ገፋ አደረጓት።

«በውሰት ዕቃ አልመርቅም። ሂጂ፣ ብርጭቆ አምጪልኝ» አሉኝ።

ተነሥቼ ሄድኩ። ቁም ሣጥኑን ከፍቼ ቆምኩ፤ የቱን ብርጭቆ እንደማነሣ ጠፋኝ።