ከክንድ ወደ ክንድ የተሻገረው

ሀጂራ ፈንጣጣ ከታቢ ነበረች። ሥራውን የወረሰችው ከእናቷ ነው። በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ባሉ መንደሮች ፈንጣጣ ገባ ሲባል እስላሙም ክርስቲያኑም እሷን ያስጠራል፤ ወንድሟ ቡርሀን ደግሞ ከደንገል ባሰረው ታንኳ ያደርሳታል። በሽታው ከቀለለለት ሰው ቁስል ጥቂት መግል ወስዳ በትንሽ ቀንድ ውስጥ ከማር ጋር ትለውሳለች፤ የልጁን ክንድ በምላጭ ጫር አድርጋ ትቀባዋለች። ልጁ ጥቂት ቀን ያተኩሰዋል፣ እዚህም እዚያም ያወጣዋል፣ ከዚያ በኋላ ፈንጣጣ አይነካውም። ለምን እንደማይነካው እናቷ አታውቅም ነበር፤ ሀጂራም አታውቅም።

አንዳንዴ ግን ልጁ ይሞታል። ጣሊያን ከመግባቱ ሦስት ዓመት አስቀድሞ የዘንዘልማዋ የየሺአረግ ልጅ እንዲህ ሞተ። ሀጂራ ሕጉን አላጓደለችም፤ መግሉን የወሰደችው በሽታው ቀልሎለት በሳምንቱ ድኖ ወደ እርሻው ከተመለሰ ሰው ነው። ልጁ ግን መላ ሰውነቱ ተሸፍኖ በዘጠነኛው ቀን አረፈ፤ ከሱም ወደ ሁለት ጎረቤት ተላለፈ። የሺአረግ አልረገመቻትም። «እግዜር ያለው ነው» ብቻ አለቻት። ከዚያ ወዲህ ሀጂራ ቀንዱን ባነሳች ቁጥር እጇ ይከብዳታል።

በ1931 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ቡርሀን ታመመ። አምስት ቀን እንደ እሳት ካቃጠለው በኋላ ለቀቀው፤ ሳምንት አሳርፎ እንደገና ጣለው። ግርሻ ነበር። ሀጂራ ጨነቃት፤ ጣሊያኖቹ ከሐይቁ ዳር ወደ ከፈቱት የሕክምና ቤት ደግፋ ወሰደችው።

እዚያ የተቀበላቸው ሀብተ ሥላሴ የሚባል የሐማሴን ሰው ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ የጣሊያኑ ሐኪም ረዳት ነው፤ አማርኛ አሳምሮ ይናገራል። የቡርሀንን ጣት ወግቶ አንዲት ጠብታ ደም በመስታወት ላይ አደረገ፤ ማይክሮስኮፑ ሥር ከቶም አየ። ቀና ሲል ሀጂራ በሩ ላይ ቆማ አንገቷን ስታሰግግ አያት።

«ማየት ይፈልጋሉ?» አላት።

«የወንድሜን ደም? ደም መቼ አጣሁና?»

«እንዲህ አድርገው አላዩትም። ይምጡ፣ አንድ ዓይንዎን ይጨፍኑ።»

መጀመሪያ የራሷን ሽፋሽፍት ብቻ አየች። ከዚያ ብርሃን ወጣ። በብርሃኑ ውስጥ እንደ ተሰጣ ምስር ክብ ክብ ነገር ሞልቶበታል። «ደሙ ያ ነው፤ ዝም ብለው ይጠብቁ» አላት ሀብተ ሥላሴ። ጠበቀች። አንዱ ክብ ማንም ሳይነካው ተንቀጠቀጠ። ከጎኑ ከፀጉር የቀጠነ፣ እንደ ሐረግ የተጠማዘዘ ነገር እየተሽከረከረ ወጣና ክቦቹን ገፋ አድርጎ አለፈ። ሌላ ተከተለው። ከዚያ ሌላ።

ሀጂራ ወደ ኋላ ዘለለች። «ሱብሃነላህ! ሕይወት አለው!»

«አለው። ወንድምዎን የሚያተኩሰው እሱ ነው። ከሰው ወደ ሰው የምታሻግረው ቅማል ናት፤ ልብሱን በደንብ ይቀቅሉለት።»

ቡርሀን መርፌ ተወጋ፣ ልብሱም ተቀቀለ፣ በሳምንቱ ታንኳ ማሰር ጀመረ። ሀጂራን ግን ያ ያየችው ነገር አልለቀቃት አለ። እንጀራ ስትቆርስ እጇን ታያለች፤ ልጅ ሲያስነጥስ ታፈጣለች። አንድ ቀን የሐይቁን ውሃ በቅል ይዛ ሕክምና ቤቱ ደረሰች። ሀብተ ሥላሴ እየሳቀ አንድ ጠብታ አየላት፣ እሷም አየች፤ በጠብታዋ ውስጥ እንደ ጫማ ሶል ጠፍጣፋ የሆነ ነገር በጠርዙ ባሉ ጥቃቅን ፀጉሮች እየቀዘፈ ይሽከረከራል። እንባዋ እስኪመጣ ድረስ ዓይኗን አላነሳችም። አርባ ዓመት ሙሉ የጠጣችው ውሃ ነው።

«ይሄ ሁሉ በሽታ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«የለም። አብዛኛው ምንም አያደርገንም። ከኛ ጋር ጉዳይ ያላቸው ጥቂቶቹ ናቸው።»

«እንግዲያው ፈንጣጣን አሳየኝ» አለችው። «ዕድሜዬን ሙሉ በቀንድ ይዠው ዞሬያለሁ። መልኩን ልየው።»

በግቢው ጥግ ባለ ድንኳን አንድ የፈንጣጣ በሽተኛ ለብቻው ተኝቶ ነበር። ሀብተ ሥላሴ ከቁስሉ ፈሳሽ ወስዶ መስታወቱ ላይ አደረገላት። ሀጂራ አየች፤ ጥቂት ብጥስጣሽ ነገር ብቻ ነው። ብዙ ጠበቀች፤ የሚንቀሳቀስ የለም።

«የለም እኮ» አለች።

«አለ። እዚህ መስታወት ላይ ከሐይቁ ዓሣ ይልቅ የሚበዛ አለ። ይሄ መሣሪያ ግን አያየውም።»

«ካልታየ መኖሩን በምን አወቃችሁ?»

ሀብተ ሥላሴ ከሐኪሙ የሰማውን ሊያስረዳት በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። በወንድሟ ደም ያየችውን ዓይነት ፍጥረት በረቂቅ የሸክላ ማጣሪያ ቢያወርዱት ላይ ይቀራል፣ የወረደው ፈሳሽ ሰው አያሳምምም። የፈንጣጣውን ፈሳሽ ቢያወርዱት ግን ያልፋል፤ የወረደውም በሽታ ያስይዛል። ጣሊያኖቹ ቪሩስ ይሉታል።

«ሌላም አለ» አላት። «ብዙዎቹ ተሕዋስያን መረቅ ስንሰጣቸው በሳሕን ላይ ይራባሉ። ይሄኛው መረቅ አይበላም። ምንም አይበላም፤ አይተነፍስም። ለብቻው ሲሆን እንደ ትቢያ ነው። ሰውነታችን ዓይን በማያያቸው ጎጆዎች የተሠራ ነው። እሱ ከአንዷ ጎጆ ሲገባ፣ ጎጆዋ የራሷን ሥራ ትታ የሱን ብጤ መሥራት ትጀምራለች። እልፍ አድርጋ ሠርታው ስትፈርስ፣ እልፉ ወደ ጎረቤት ጎጆዎች ይገባል።»

ሀጂራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለ የሺአረግ ልጅ ነገረችው። «ከቀላሉ ሰው ነበር የወሰድሁት። ለምን ገደለው?»

«ነገሩ ያው ስለሆነ ነው፣ እትዬ ሀጂራ። የቀለለው ሰውየው ላይ ነው እንጂ ፈንጣጣው ራሱ አልቀለለም። እርስዎ ያንን ሊያውቁ አይችሉም ነበር።»

ከዚያ ስለ ላም ፈንጣጣ ነገራት። የፈንጣጣ ዘመድ የሆነ ሌላ ቪሩስ አለ፤ በጥጃ ቆዳ ላይ ያራቡታል። ሰው ክንድ ላይ ሲጫር አንዲት ብጉር አውጥቶ ይጠፋል፣ ወደ ጎረቤት አይዛመትም፣ ሰውነት ግን ከዚያ ወዲያ ትልቁንም ፈንጣጣ አውቆ ይከላከለዋል። ሀጂራ ቤቷ እንደ ደረሰች ቀንዱን ከእሳት ጨመረችው።

በኅዳር ፈንጣጣ ከሐይቁ ምዕራብ ዳር በደልጊ አቅራቢያ መግባቱ ተሰማ። ሐኪሙ ከአሥመራ የመጣ የጥጃ ክትባት በአሥር ቀጫጭን የመስታወት ቱቦ ነበረው፤ ነገር ግን በዚያ በኩል አርበኞች ስላሉ ጣሊያን ዝር አይልም። ሀብተ ሥላሴ ሀጂራ እንድትወስደው ለመነላት፣ ሐኪሙም እሺ አለ።

«ሙቀት ያጠፋዋል» አላት ሀብተ ሥላሴ ሲሰጣት። «ይቸኩሉ።»

ቱቦዎቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ በእንስራ ከተተቻቸው። ቡርሀን አራት ቀን ቀዘፈ። ፀሐዩ ግን የበረታ ነበር።

ደልጊ ላይ እናቶቹ ልጆቻቸውን ደበቁ። «ጣሊያን በመርዝ ጢስ የጨረሰን አንሶ አሁን ደግሞ በመስታወት ላከልን?» አሉ። ሀጂራ አልተቆጣችም። መሪጌታ ገብረ ኪዳን ከሚባሉት የቅኔ መምህር ደጅ ተቀምጣ ያየችውን ሁሉ አወራች፤ በደም ውስጥ የሚሽከረከረውን፣ በውሃው ውስጥ የሚቀዝፈውን፣ ሳይበላና ሳይተነፍስ የሚራባውን።

መሪጌታ እስክትጨርስ አዳመጧት። «የማይታየውንም እሱ ፈጠረው ብለን ስንጸልይ መላእክትን ብቻ ነበር የማስብ» አሉ። «ይህን ያህል በቅርባችን ሌላ ነገር እንዳለ አላሰብሁም።» ከዚያ የስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ሸጊቱን ጠርተው እጅጌዋን ጠቀለሉላት። ይህን ያዩ አሥራ አንድ እናቶችም አንዳንድ ልጅ ይዘው ተከተሉ።

በአምስተኛው ቀን ሀጂራ አሥራ ሁለቱን ክንድ መረመረች። አሥራ አንዱ ጭረት ደርቆ ድኗል። በቱቦዎቹ ውስጥ የነበረው በሙቀት ጠፍቶ ኖሯል። ሸጊቱ ክንድ ላይ ግን እንደ ሉል የምታበራ፣ መካከሏ እንደ እምብርት የሰረጎደች አንዲት ብጉር ወጥታለች።

ከዚያ ሁሉ መንገድ የተረፈው ይሄ ብቻ ነው። በሐይቁ ምዕራብ ዳርቻ በሙሉ የፈንጣጣው ዘመድ ያለው በዚች ልጅ ክንድ ላይ፣ ከአንዲት የምስር ፍሬ በማይበልጥ ቦታ ነው። ሀጂራ ከሸጊቱ ጎን አልተለየችም፤ እንዳታከው ክንዷን በነጠላ አሰረችላት፤ ከልጆች ጋር እንዳትታገል ተረት ስትነግራት ዋለች።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት አምስት ልጆች በሰልፍ አስቀመጠች። ብጉሯን በእሾህ ጫፍ ነካ ስታደርግ እንደ ጤዛ የጠራ ፈሳሽ ወጣ። ከሸጊቱ ክንድ ወደ መጀመሪያው ልጅ፣ ወደ ሁለተኛው፣ እስከ አምስተኛው ተሻገረ። እጇ አልከበዳትም። በሳምንቱ አምስቱም ክንድ ላይ አምስት ሉል ወጣ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ተከፈተ። አምስቱ ሠላሳ ሆኑ፤ ያልያዘላቸው አሥራ አንዱም እንደገና ተጫሩ። ሀጂራ ብጉር ያወጡ ልጆችን ከእናቶቻቸው ጋር በታንኳ እያሳፈረች ከመንደር መንደር ሄደች፤ ሕያው ሰውነት ከሕያው ሰውነት እየተቀበለ፣ አንድም ሳምንት ሳይቋረጥ። በጥር ፈንጣጣው ራሱ ደልጊ ገባ። ሰባት ጎልማሶችንና እናታቸው የደበቀቻቸውን ሁለት ልጆች ያዘ፤ ሦስት ሰው ሞተ። የክንድ ጠባሳ ያለበት ልጅ አንድም አልታመመ። ሸጊቱ የታመመችውን አክስቷን ውሃ እያጠጣች ሰነበተች፣ ምንም አልነካትም።

መጋቢት ላይ ሀጂራ በመጨረሻዋ መንደር አንድ ልጅ ክንድ ላይ የበሰለች ብጉር አይታ የሚቀጥለውን ልጅ ፈለገች። የለም። በዚያ ዳርቻ ያልተከተበ ልጅ አልቋል። ወደ ባሕር ዳር እንዳትወስደው አራት ቀን ነው፣ ብጉሯ እስከዚያ ትደርቃለች፤ ቡርሀንም ታንኳውን ውሃ ጠጥቶበት እያደረቀው ነበር። ስለዚህ ከልጁ አጠገብ ተቀምጣ ጠበቀች። ሉሉ ደፈረሰ፣ ጠቆረ፣ ቅርፊት ሆነ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ በልጁ መዳፍ ላይ ወደቀ።

ባሕር ዳር ተመልሳ ለሀብተ ሥላሴ ሁሉንም ነገረችው። እሱ የልጆቹን ቁጥር ሰምቶ ራሱን ይዞ ቆመ፤ ከሁለት መቶ ይበልጣሉ።

«መጨረሻ ላይስ ቪሩሱ ሞተ?» አላት።

ሀጂራ አሰብ አደረገች። «እኔ ምን አውቄ» አለች። «ሲተነፍስ ያላየሁት ነገር፣ ትንፋሹ መቼ እንደ ቆመ እንዴት እነግርሃለሁ?»