መንገድ የሳተ ሕልም

ባለፈው ሳምንት ከዶርማችን ጀርባ ካለው ገመድ ላይ አንሶላዬን ላወርድ ስል ነፋሱ ፊቴ ላይ ጠመጠመብኝ። በረኪናና አቧራ ሸተተኝ። ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲውንም ፈተናውንም ረሳሁት፤ ሪያድ፣ ሺፋ ሰፈር፣ የድሮው ሕንፃችን ጣራ ላይ የቆምኩ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆንኩ። ከአንሶላው ማዶ እትዬ ዘይነባ ያለች መሰለኝ። ገለጥ አድርጌ አየሁ እንኳ። ሞኝነት ነው፤ ግን አየሁ።

እትዬ ዘይነባ የሕንፃው ባለቤቶች ቤት፣ ምድር ላይ፣ ተቀጥራ የምትኖር የወሎ ሴት ነበረች። እኛ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ተከራይተናል፤ አባቴ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር የሚሠራው። እሷ ከግቢ አትወጣም፣ እኔም ከትምህርት ቤት በቀር መሄጃ የለኝም፤ ስለዚህ ጣራው የሁለታችን አገር ሆነ። የከሰዓቱ አዛን እንዳበቃ እርጥብ ልብስ የሞላ ሳፋዋን ይዛ ትወጣለች፣ እኔ ከውሃ ታንከሩ ጥላ ሥር እጠብቃታለሁ። የልብስ መቆንጠጫ ነክሳ ስለምታወራ ከምትለው ግማሹ አይገባኝም ነበር።

በዚያ ዓመት እንቅልፍ ጠላቴ ነበር። ዓይኔን ከከደንኩ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታኝ ቁጭ ብላ ልብስ ታጥባለች። ሌላ ምንም አታደርግም። ውሃው ግን ድምፅ የለውም። እጇ ይወርዳል፣ ይነሣል፣ አረፋው ይፈሳል፣ ሁሉም ጭጭ ያለ ነው። ፊቷን እንዳላይ እሮጣለሁ፤ ሮጬ ሮጬ ዞሮ ዞሮ እዚያው ጀርባዋ ጋ እገኛለሁ። እናቴ ከአገር ቤት የመጣ ጸበል ረጨችኝ። አባቴ ቴሌቪዥን አብዝታ ነው አለ። እኔ ግን ክፍል ውስጥ እያንቀላፋሁ ዓመቱን ልደግም ደርሼ ነበር።

አንድ ቀን ለእትዬ ዘይነባ ልነግራት አፌን ስከፍት እጇን አነሣች።

"ቆይ! መጀመሪያ ኸይር ነው ልበልልሽ። ኸይር ነው፣ ደግ ነው። በይ አሁን ንገሪኝ።"

ነገርኳት። ደግ ፍቺ ጠበቅኩ። እሷ የአሠሪዋን የማዳሟን ዐባያ እያራገፈች፣ "እኔ አልፈታልሽም" አለች። "ሕልም እንደ ፈቺው ነው። እኔ ከፈታሁት የራሴን ፍራት ነው የማለብስሽ። ራሷን ማነሽ በያት።"

"ብትዞርብኝስ?"

"ትዙራ! ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደር። ዙራ እንያት።"

ስቃ ነበር። ከዚያ ሳቋ ጠፋ፤ እሷም ጀርባዋን የሰጠች እንዳለቻት ነገረችኝ። ልጇ ናት። የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለች ለአያቷ ጥላት መጥታለች። "ይኸው ያንች እኩያ ሆናለች። በሕልሜ ከፊት ከፊቴ ትሄዳለች። ብጠራት አትሰማም። ሮጬ እንዳልቀድማት፣ ፊቷን ሳየው ባላውቀውስ?" ማዳሟ የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ ኢቃማሽ ይታደስና ሁለት ዓመት ጨምሪ ብላት፣ እሷም ኢንሻአላህ ብላ ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ ሌሊት ሕልሙ ሲመጣ አልሮጥኩም። ከሴትዮዋ ኋላ ቆምኩና "ማነሽ?" አልኩ። የገዛ ድምፄን አልሰማሁትም። እሷም አልሰማችኝም። ትከሻዋን ነካሁት። እጇን ከውሃው አውጥታ ቀስ ብላ ዞረች።

እትዬ ዘይነባ ነበረች። ግን አላወቀችኝም፤ ወይም እኔን አልነበረም የምታየው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ቃሉን ከአፏ ላይ አነበብኩት።

በማግስቱ ጣራ ላይ ስነግራት አንሶላ እያሰጣች ነበር።

"ምን ብላ ጠራችሽ?"

"ሐያት።"

መቆንጠጫዎቹ ከአፏ ረገፉ። ሁልጊዜ "ልጄ" ትላለች እንጂ የልጇን ስም ነግራኝ አታውቅም። አንሶላውን ነፋሱ ከእጇ ወስዶ ታንከሩ ላይ ወረወረው፤ ማናችንም አላነሣነውም።

"ውሃው ድምፅ የለውም ነው ያልሽኝ?"

"ምንም የለውም።"

ሳፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። "ሐያት ጆሮዋ አይሰማም" አለችኝ። "ከተወለደች ጀምሮ። ቃልዬ፣ ይኸ ሕልም ያንች አይደለም። መንገድ ስቶ ነው አንች ጋ የገባው። እኔን የምታየኝ እሷ ናት። እኔ ፊቷን እረሳለሁ ብዬ ስፈራ፣ እሷ ደግሞ የኔን እየረሳችው ነው።" ከዚያ ለራሷ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ "ኸይር ነው" አለች።

እኔ አለቀስኩ። የሌላ ልጅ ፍራት ስንት ሌሊት ውስጤ ሲያድር እንደነበር ሳስበው ዛሬም ይሰቀጥጠኛል።

ያን ቀን ማታውኑ ማዳሟን ኸላስ፣ በቃኝ አለቻት። ማዳሟ አኮረፈች፤ ባልዬው ግን የመውጫ ወረቀቷን አስጨረሰላት። ስትሄድ አቅፋኝ፣ "አብሽሪ፣ ከእንግዲህ አትመጣብሽም" አለችኝ። እውነትም አልመጣችም። እንቅልፌን እንደ ልቤ ተኛሁ፤ ጣራው ግን ባዶ ሆነብኝ፣ በጣም ናፈቀችኝ።

ከጊዜ በኋላ በእናቴ ስልክ ከእትዬ ዘይነባ የድምፅ መልእክት መጣ። "ለቃል ንገሪልኝ። ስደርስ ሐያት ጓሮ ቁጭ ብላ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ልብስ ታጥባለች። መጥራት ዋጋ የለው። ቃል እንዳደረገችው ትከሻዋን ነካሁት። ዞረች። አወቅኋት፣ እሷም አወቀችኝ።" ከኋላዋ ውሃ ሳፋ ውስጥ ሲንቦጫረቅ ይሰማ ነበር። መልእክቱን ደጋግሜ ያዳመጥኩት ለዚያ ድምፅ ብዬ ነው።

አሁንም የምፈራው ነገር ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲመጣ፣ በሕልሜም በውኔም፣ መጀመሪያ ኸይር ነው እላለሁ። ከዚያ እጄን ወደ ትከሻው እሰድዳለሁ።