ባንኩም መያዣ ተጠየቀ

በቦንድ ክፍል የመጀመሪያ ቀኔ የተሰጠኝ መመሪያ አንድ ብቻ ነበር፤ «ብድር» የሚለውን ቃል እንዳልጽፍ። ከዚያ በፊት ለአሥራ ሰባት ዓመት የብድር ባለሙያ ነበርኩ፤ ሌላ ቃል ብዙም አላውቅም።

መመሪያውን የሰጡኝ የክፍሉ ኃላፊ አቶ ግርማ ናቸው። ቢሯችን መገናኛ፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ባንካችን ደንበኞች የሚያስቀምጡት ገንዘብ ለረጅም ጊዜ ብድር አልበቃ ስላለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦንድ ሊሸጥ ወስኗል። ነገሩ ቀላል ነው፤ ሰው ለባንኩ ገንዘብ ያበድራል፣ ባንኩ በየስድስት ወሩ ወለድ ይከፍላል፣ ጊዜው ሲደርስ ዋናውን ይመልሳል።

«ታዲያ ብድር አይደለም?» አልኳቸው።

«ነው እንጂ» አሉ አቶ ግርማ። «ግን ባንክ ያበድራል እንጂ ይበደራል ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? አጋርነት በይው።»

የሽያጭ ሰነዱን አርቅቄ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ላክን። በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰ። «አጋርነት» የሚለው በቀይ ተከቦ፣ ጎኑ ላይ «ተበዳሪው ማን ነው?» ተብሎ ተጽፎበታል።

እኔ ሰነዱን ሳርም፣ አለቆቻችን የቦንዱን ስም ለመምረጥ እንጦጦ ፓርክ ስብሰባ ወጡ። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተከራክረው «ንጋት» አሉት። በሰነዱ ውስጥ የቦንዱ አደጋ የተዘረዘረበትን ምዕራፍ ግን ማንም አላነበበውም። ብርድ ነበር አሉ።

ሽያጩ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞች አንዷ ወይዘሮ የሺ ነበሩ። መሪ በሚባለው ሰፈር ሲሚንቶና ብረት ሲነግዱ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ሱቁን ሸጠው፣ የዕድሜ ልክ ልፋታቸውን በአንድ ሲፒኦ ይዘው መጡ። ሊፍቱ ተበላሽቶ ስምንቱን ፎቅ በእግራቸው ነው የወጡት።

አቶ ግርማ የሚያብረቀርቅ በራሪ ወረቀት ዘርግተው ስለ ወለዱ አስረዱ። ወይዘሮ የሺ ትንፋሻቸው እስኪመለስ አዳመጡ። ከዚያ «ምን ታስይዛላችሁ?» አሉ።

«ምን አሉኝ፣ እማማ?»

«እኔ እዚሁ ባንክ ብድር ስጠይቅ የቤቴን ካርታ ወሰዳችሁ። ዋስ አምጪ አላችሁኝ። ዋሱ ደግሞ የደመወዝ ማስረጃ ያምጣ አላችሁ። እናንተስ?»

«የባንኩ ስም ይበቃል» አሉ አቶ ግርማ።

«የኔ ስም ግን አልበቃም ነበር።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ብትከስሩ ገንዘቤ ምን ይሆናል?»

አቶ ግርማ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጡኝ። እኔ የማየው ሲፒኦውን የያዘውን የወይዘሮ የሺን እጅ ነበር።

«መያዣ የለውም» አልኩ። «ባንኩ ቢከስር ቀድሞ የሚከፈለው አስቀማጩ ነው። እርስዎ ከእሱ ኋላ፣ ከባለአክሲዮኖች ፊት ይሰለፋሉ። ተራው ሳይደርስዎት ገንዘቡ ሊያልቅ ይችላል። መሐል ላይ ቢቸግርዎትም ሌላ ገዢ ፈልገው ይሸጣሉ እንጂ እኛ አንመልስም።»

ሲፒኦውን ቦርሳቸው ከተው «አስቤ እመለሳለሁ» ብለው ወጡ።

«ለምን ጠበቃ አትሆኚም?» አሉኝ አቶ ግርማ። በማግስቱ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ወደ መዝገብ ቤት ተዛውሬያለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ወይዘሮ የሺ ስድስት የእቁብ ጓደኞቻቸውን አስከትለው ተመለሱ። እሳቸው በገንዘባቸው ሲሶ ብቻ ቦንድ ሊገዙ ቆርጠዋል። «ያቺ እውነቱን የነገረችኝ ልጅ ትምጣ» ብለው ተቀመጡ። አስጠሩኝ፤ አቧራዬን ሳላራግፍ ወጣሁ። ለሰባቱም ያንኑ ደገምኩላቸው። አምስቱ ገዙ፣ ሁለቱ ሄዱ።

ሽያጩ ሲዘጋ አቶ ግርማ «አርአያነት ላለው ግልጽነት» ተብሎ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። አጨበጨብኩ። የእኔ ዝውውር ግን ደብዳቤው ቁጥር ወጥቶለት ስለነበር መሻር አይቻልም ተባለ። ጡረታ የወጣሁት ከመዝገብ ቤት ነው።

ቦንድ ለምትሸጡ የሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይኸው ነው፤ ስለ ወለዱ ከማውራታችሁ በፊት ስለ ኪሳራው ንገሩ። የሚገዛው ሰው ያንሳል። የገዛው ግን ምን እንደገዛ ያውቃል።